ስለ ሙያ ሥልጠና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጅ ሙያ የሚመርጠው ብቻውን አይደለም። የጎረቤት ወሬ፣ የቤተሰብ ኪስ፣ ጾታና ትውውቅ አብረው ይመርጡለታል። ይህን ካለማየት የሚመጡ አባባሎች ብዙ ናቸው።

«ቴክኒክና ሙያ ፈተና የወደቀ የሚሄድበት ነው።»

ይህን ስም ያወጣለት የአመዳደብ ሥርዓቱ ነው። ለዓመታት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያመጣውን ወደ መሰናዶ፣ ዝቅ ያለውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲልክ ኖሯል። ወዶና መርጦ የገባውም «ውጤት አልመጣለትም» መባሉ አይቀርም ነበር። ፈተናው ቢቀርም ስሙ አልለቀቀም። ሥልጠናው ግን በደረጃ የሚያድግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና አለ። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል ስላለው ሸምድዶ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

«የእጅ ሥራ ንቀት ድሮ ቀርቷል።»

ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻላል፤ ጋብቻን ግን አዋጅ አይደርስበትም። ዛሬም በአንዳንድ አካባቢ ከቀጥቃጭ፣ ከሸክላ ሠሪ ወይም ከቆዳ ፋቂ ቤተሰብ ጋር መጋባት ነውር ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ባለሙያው ራሱ ልጁን ከሙያው ያሸሻል፤ ሌላውም ልጁን አያስጠጋም። ሠልጣኝ የሚያማክር ሰው «ምን ትወዳለህ?» ብሎ ቢያቆም ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው። «ይህን ሥራ ብትይዝ ቤት ውስጥ ምን ይሉሃል?» ብሎ ሲጨምር ነው እውነተኛው ምክንያት የሚወጣው።

«ብየዳ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለሴት ይከብዳል።»

ብየዳ የሚጠይቀው የረጋ እጅ ነው። 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ዘንግ) ሲያዝ ማሽኑ እንደ ብረቱ ውፍረትና እንደ ኤሌክትሮዱ ዓይነት ከ90 እስከ 130 አምፔር አካባቢ ይስተካከላል፤ የኤሌክትሮዱ ጫፍም ከብረቱ የሚርቀው በራሱ ውፍረት ያህል ነው። ከዚያ ከራቀ የቀለጠው ብረት ይረጫል፣ ብየዳው ቀዳዳ ያወጣል። አምፔሩ ካነሰ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። እዚህ ውስጥ ጉልበት የሚፈታው ነገር የለም።

ሴት ሠልጣኝን የሚያስቸግራት ሌላ ነው። ለወንድ እጅ የተገዛ ጓንት ሲሰፋባት ኤሌክትሮዱን በደንብ አትቆጣጠርም። ለብቻ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ በሌለበት ወርክሾፕ በወር አበባዋ ቀን ትቀራለች፤ የቀረችበት ቀን ደግሞ የተግባር ሰዓቷን ይበላል። ስትቀጠር ደግሞ የአሠሪው ስሌት ይጠብቃታል፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሆን ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው። አንድና ሁለት ሰው ብቻ የሚያሠራ ጋራዥ ይህን ፈርቶ ወንድ ይመርጣል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ወጪውን አንድ አነስተኛ አሠሪ ብቻውን እንዲሸከም መተዉ ግን በሯን ይዘጋባታል።

«መንግሥት ካስተማረ ድሃም እኩል ይማራል።»

ትራንስፖርቱ፣ ቱታው፣ የቤት ኪራዩ አለ። ከሁሉም የሚከብደው ልጁ በቀን ሥራ ያስገባ የነበረው ገንዘብ መቅረቱ ነው። ሠልጣኞች ሥልጠናውን የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

«የምስክር ወረቀት ካለ ትውውቅ አያስፈልግም።»

ትውውቁ የሚጀምረው ከምስክር ወረቀቱ በፊት፣ ሠልጣኙ ድርጅት ገብቶ በሥራ ላይ በሚማርበት የትብብር ሥልጠና ላይ ነው። በመርሕ ደረጃ ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ መሰጠት አለበት። ዘመድ ያለው ልጅ ሞተር የሚፈታበት ቦታ ይገባል፤ ዘመድ የሌለው መጥረጊያ ይይዛል፣ ሻይ ይላካል። በሰዓት ሁለቱም እኩል ይመዘገባሉ፣ በምዘናው ቀን ግን ይለያያሉ። ማሠልጠኛው ምደባውን በዕጣ ቢያደርገው፣ ከድርጅቱ ጋር የሚፈራረመው ውል ላይም የሚሠሩትን ተግባራት በዝርዝር ቢያሰፍር ክፍተቱ ይጠባል። ሠልጣኙም የሠራውን በየሳምንቱ ይመዝግብ፣ የቅርብ ኃላፊውን ያስፈርም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዝርዝሩ አንድም ተግባር ካልተፈረመለት መዝገቡን ይዞ ወደ ማሠልጠኛው አስተባባሪ ይሂድ፤ ቦታ ለመቀየር ገና ጊዜ አለ።