ቮይስ፣ ኖይዝ፣ ላውድ፦ ስለ እንግሊዝኛ የድምፅ ቃላት በስሕተት የምናምናቸው ነገሮች

«ሳውንድ»፣ «ቮይስ» እና «ኖይዝ» ከእንግሊዝኛ ትምህርት መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ የምናውቃቸው ቃላት ናቸው። ጣጣው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የአማርኛ ፍቺ ሸምድደን በዚያው መቅረታችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ስሕተቶች እነዚህ ናቸው።

«ቮይስ ማለት ድምፅ ነው»

አማርኛ ለሰውም፣ ለከበሮም፣ ለሞተርም «ድምፅ» ይላል። ቮይስ ግን በዋነኛነት ከሰው ጉሮሮ የሚወጣው፣ የሚናገረውና የሚዘፍነው ነው። መኪና ሳውንድ እንጂ ቮይስ የለውም። ቴሌቪዥኑ ምስል እያሳየ ድምፁ ቢጠፋ «ኖ ሳውንድ» ይባላል፤ «ኖ ቮይስ» የሚለው የእኛ ፈጠራ ነው። ጉንፋን ይዞት ድምፁ የተዘጋ ሰው ግን ያጣው ቮይሱን ነው። በምርጫ የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ስሙ «ቮት» ነው። «አይ ጌቭ ማይ ቮይስ» ብሎ መረጥኩ ለማለት የፈለገ ሰው አድማጩን ግራ ያጋባል።

«ኖይዝ ማለት ጫጫታ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። የጎረቤት ሁካታ፣ የመንገድ ትርምስ፣ የክፍል ጫጫታ ሁሉ ኖይዝ ናቸው። ነገር ግን ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ ባለበት ከወጥ ቤት በኩል ኮሽ ቢል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «አይ ኸርድ ኤ ኖይዝ» ይላል። እዚህ ምንም ጫጫታ የለም፤ አንዲት አይጥ ብትሆን ነው። ትክክለኛው አማርኛ «ኮሽታ ሰማሁ» ነው። መኪናው የተለየ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ለመካኒኩ የሚነገረውም ኖይዝ ነው፤ በጣም ቀጭን ሲርሲርታ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ቃሉ የሚለካው በጩኸቱ መጠን አይደለም። ምንነቱ ያልታወቀ፣ ያልተጠበቀ ወይም ያልተፈለገ ድምፅ ነው ኖይዝ የሚባለው።

ከፊቱ ያለችው ትንሿ «ኤ» ብዙ ሥራ ትሠራለች። «ኤ ኖይዝ» አንድ ለብቻው የተሰማ ድምፅ ነው፤ ያለ «ኤ» ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ጥቅል ሁካታን ያመለክታል። ሰዋስው ላይ «ኤ» ብትቀር ምን ችግር አለው የሚል ሰው ይህን ይመልከት።

የሳይንሱ አጠቃቀም ደግሞ ሌላ ነው። ለመሐንዲስ ኖይዝ ማለት ከሚፈለገው መልእክት ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ ማናቸውም ጣልቃ ገብ ነገር ነው። በዚህም የተነሳ ጨለማ ውስጥ በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ብናኝ መሰል ነጠብጣብ፣ ምንም ሳይሰማ ኖይዝ ይባላል። «ዋይት ኖይዝ» የሚባለው፣ ሁሉም ፍሪኩዌንሲዎች (ከወፍራም እስከ ቀጭን ያሉት የድምፅ ንዝረቶች) በእኩል ኃይል የሚገኙበት ሻሻታ ደግሞ ብዙዎች እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ፈልገው የሚከፍቱት ነው።

«ጮክ ብሎ መናገር ሃይ ቮይስ ነው»

ይህኛው በቀጥታ ከአማርኛ የተገለበጠ ነው። «ከፍ ባለ ድምፅ ተናገረ» ስለምንል «ከፍ ያለ»ን ወስደን «ሃይ» እናደርገዋለን። እንግሊዝኛው ግን «ሃይ ቮይስ» ሲል ቀጭን ድምፅ ማለቱ ነው። ለጩኸቱ ቃሉ «ላውድ» ነው። ሁለቱ በተለያየ መለኪያ ይለካሉ፦ ቅጥነትና ውፍረት በሄርዝ፣ የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል። የአዋቂ ወንድ የንግግር ድምፅ 120 ሄርዝ ገደማ፣ የአዋቂ ሴት ደግሞ 200 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ማንሾካሾክም ሆነ መጮህ ሌላ ጉዳይ ነው። ጆሮ ሥር የምትዞር ቢምቢ ሃይ ናት፣ ላውድ ግን አይደለችም። ነጎድጓድ ሎው (ወፍራም) ነው፣ ግን ላውድ ነው። የሕፃን ልቅሶ ሁለቱንም አሟልቷል።

እንግሊዝኛው ራሱ ግን ንጹሕ አይደለም። «ሎው ቮይስ» አንዳንዴ ወፍራም ድምፅ፣ አንዳንዴ ዝግ ያለ ንግግር ነው፤ ከዐውዱ ካልሆነ አይለይም። «ሎወር ዩር ቮይስ» ቀስ ብለህ ተናገር ነው፤ «ዶንት ራይዝ ዩር ቮይስ አት ሚ» ደግሞ አትጩህብኝ። ቀጭንና ወፍራም ብሎ ነገሩን የለየው አማርኛ እዚህ ላይ ይበልጣል ባይ ነኝ።

«አላውድ ማለት ጮክ ብሎ ነው»

«ሪድ አላውድ» የተባለ ተማሪ መጮህ አይጠበቅበትም። በልቡ ከማንበብ ወጥቶ ድምፅ አውጥቶ ካነበበ በቂ ነው፤ በለሆሳስም ቢሆን።

«ሻውት አት እና ሻውት ቱ ያው ናቸው»

«አት» ቁጣ አለበት፤ ጮኸበት ነው። «ቱ» የርቀት ጉዳይ ነው፤ ሰውዬው ሩቅ ስለሆነ ጮኾ ነገረው።

«ሳይለንት እና ኳየት አንድ ናቸው»

ኳየት ሞተር ይሰማል፣ ግን አይረብሽም። ሳይለንት ጨርሶ ድምፅ የለውም። «ናይፍ» ሲጻፍ ከፊት ያለው የማይነበበው «ኬ» ሳይለንት የተባለው ለዚህ ነው።

«ሳውንድ ስሊፕ ከድምፅ ጋር ይያያዛል»

አይያያዝም። ከባድ፣ ያልተቋረጠ እንቅልፍ ነው። «ሴፍ ኤንድ ሳውንድ»ም በሰላምና በጤና ማለት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ አጻጻፋቸው የገጠመ፣ ዘራቸው የማይገናኝ ሳውንዶች አሉ። የድምፁ ሳውንድ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን «ሶኑስ» የመጣ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለው «ዲ» ኋላ የተጨመረ ነው። የጤናው ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የወረደ የጀርመንኛው «ጌዙንድ» ዘመድ ነው። የባሕር ወሽመጡ ሳውንድ ደግሞ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የጥንት ቋንቋ ጋር የተያያዘ ነው።

«እንግሊዝኛ የድምፅ ቃል ሞልቶታል፣ አማርኛ ግን ደሃ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች አማርኛን በጆሯቸው አላዳመጡትም። አንበሳ ያገሳል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ አህያ ታናፋለች፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሲቆጣ ያጉረመርማል፣ ሌሊት ያላዝናል። ቅጠል ኮሽ ይላል፣ ጎማ ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ፏፏቴ ፏ ብሎ ይወርዳል፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ተረከዝ ኳ ኳ ይላል።

ልዩነቱ ያለው በአሠራራቸው ነው። የእኛዎቹ ብዙ ጊዜ «አለ» ወይም «አደረገ» የሚል ግሥ ይፈልጋሉ፤ የእንግሊዝኛዎቹ ለብቻቸው ቆመው ስምም ግሥም ይሆናሉ። አከፋፈላቸውም አይገጥምም። «ባንግ» በር በኃይል ሲላተም ወይም ጥይት ሲተኮስ የሚሰማው ነው፤ «ተድ» ግን ከባድ ነገር መሬት ላይ ዱብ ሲል የሚሰማው የታፈነ ድምፅ ነው። «ስኩዊክ» የአይጥና የአዲስ ጫማ ቀጭን አጭር ድምፅ ሲሆን፣ «ክሪክ» የአሮጌ በርና ክብደት ያረፈበት የእንጨት ወለል ረዘም ያለ ሲጢጥታ ነው። «በሩ ሲጢጥ አለ»ን ለመተርጎም «አለ»ን ይዞ «ዘ ዶር ሴድ» ብሎ የሚጀምር ተማሪ በሩን ያናግረዋል፤ «ዘ ዶር ክሪክድ» ካለ ግን ጨርሷል።