አዮዲን ያለው ጨው በኢትዮጵያ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ዝም ብሎ አልመጣም። በደጋው እንቅርት ያለበት ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አዮዲን ሲያንሰው፣ ያገኘውን ጥቂት ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ለነፍሰ ጡር 250። በዓይን የማትታይ መጠን ናት። ስትጠፋ ግን ጽንስ ይጨነግፋል፣ ሕፃን አእምሮው ተጎድቶ ይወለዳል።

ደጋው ላይ የሚብሰው ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጎ ስለሚወስድ ነው። ካሳቫ አዘውትሮ መብላትም ዕጢው አዮዲን እንዳይጠቀም ያደናቅፋል።

ድሮ ጨው ከዳናክል በግመል ይወጣ ነበር፤ አሞሌው እንደ ገንዘብም አገልግሏል። እንቅርት የያዘው ሰው አንገቱን ይነቀስ ነበር ይባላል። ንቅሳቱ ለውበት ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩን በቁጥር ያወቅነው በኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ድካም ነው። በ1970ዎቹ ከ35 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችን አንገት በጣት ዳብሰው መርምረዋል። ከአሥሩ ሦስት ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። በዚያ ዘመን መንገድ ይህን ያህል ትምህርት ቤት ማዳረስ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ የጨዉ መምጫ ታሪክ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. አገሪቱ የምትበላው ጨው በአብዛኛው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር፤ አዮዲንም ይደረግበት ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ በሩ ተዘጋ። ያኔ የደረሰልን አፋር ነው። አፍዴራ ሐይቅ ዳር ጨዋማውን ውኃ ወደ ገንዳ እየሳቡ፣ ፀሐይ ስታደርቀው ነጩን ጨው ሰብስበው ለአገር አደረሱ። ውለታው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ጨው አዮዲን አልነበረውም።

ውጤቱም ብዙ አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። ይህ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሴት ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ወጣ፤ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ነበር። በ2016 ግን 89 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት እንዲህ መዝለል በየትም አገር ያስመሰግናል።

ነገሩ ግን «አለው» እና «በቂ አለው» ይለያያሉ። በዚያው ሰሞን መጠኑ ሲለካ በቂ የተገኘበት ከአራት ቤት አንዱ ያህል ነበር። አፍዴራ ላይ አዮዲኑ በጀርባ በሚታዘል መርጫ በክምሩ ላይ ይረጭ ነበርና፣ አንዱ ጥግ ሲበዛበት ሌላው ሳይደርሰው ይቀራል። ከዚያ ጨዉ ጉሊት ላይ በክፍት ማዳበሪያ ፀሐይ ሲመታው ይውላል።

ቤት ሲገባም አይተርፍም። ብዙ እናቶች «ቆሻሻ አለው» ብለው ያጥቡታል፤ አዮዲኑም ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። የእኔም እናት እስከ ቅርብ ጊዜ ታጥበው ነበር። አሁን የታሸገ ትገዛለች፣ ክዳን ባለው ጣሳ ታስቀምጣለች፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጣል ታደርጋለች። ሽሮዋ ላይ ግን ዛሬም ጨው ይበዛል።