አንቲቦዲ ምንድን ነው? ታይፎይድ በየዓመቱ «ለሚነሳባችሁ»

ደሴ ላይ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ክረምቱ ይገባል፣ የጦሳ ተራራ ጉም ይለብሳል፣ ቁርጥማትና ራስ ምታት ይጀምራል። ሰውየው ፒያሳ አካባቢ ካገኘው ላቦራቶሪ ገብቶ ደም ይሰጣል። ብዙም ሳይቆይ «ታይፎይድና ታይፈስ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። አምና ፖዘቲቭ፣ ዘንድሮም ፖዘቲቭ። «ደሜ ውስጥ ተቀምጦ ነው እኮ!» ይላል። እርግጥ ነው፣ ባክቴሪያው ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ተደብቆ የሚቀርባቸው ሰዎች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሰው ደም ውስጥ የሚቆየው አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲ ሰውነታችን አንድን ጀርም ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከእግር እንጀምር።

ሰኞ ገበያ ስትዞሩ ሚስማር ወጋችሁ እንበል። በሰዓታት ውስጥ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። የሚፈጠሩት መቅኔ ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ባክቴሪያውን ይውጣሉ፣ ይገድላሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። ቁስሉ ሲጨመቅ የሚወጣው መግል በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። (አትጭመቁት እንጂ!) ማክሮፋጅ የሚባሉት ትላልቆቹም ይውጣሉ፤ በዚያ ላይ መልእክቱ አንጎል ድረስ የሚሄድ ኬሚካል ይለቃሉ። ትኩሳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው የራሳችን አንጎል ነው ማለት ነው።

እነዚህ ፈጣን ናቸው፤ ግን አንዱን ጀርም ከሌላው አጥርተው አይለዩም። ያ ሊምፎሳይት የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ሥራ ነው። ሌሎች ሴሎች የባክቴሪያውን ቁራጭ ይዘው ብሽሽት ላይ ወዳለው ዕጢ ይሄዳሉ። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ ንፍፊት የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ውስጡ ሊምፎሳይቶች እየተባዙ ነው። ከእነሱ መሃል ቢ ሴል የሚባሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መያዣ ይዘው ነው የሚፈጠሩት። ለዚህ ጀርም የሚገጥመው ይገኛል፣ ቲ ሴል የሚባለው ሌላው ሊምፎሳይት «ቀጥል» ይለዋል፣ ይባዛል፣ አንቲቦዲ ማምረት ይጀምራል። አንዱ ሴል ብቻውን በሰከንድ በሺዎች ያመርታል። የአንቲቦዲው ቅርጽ ባላ ይመስላል። ሁለቱ ጫፎቹ ጀርሙን ጨምድደው ይይዛሉ፤ በግንዱ በኩል ደግሞ ማክሮፋጅና ኒውትሮፊል መጥተው ይይዙትና ይውጡታል።

ጀርሙ አዲስ ከሆነ ይህ ሁሉ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከዳንን በኋላ ግን ያንን ጀርም የሚያውቁ ሴሎች ለዓመታት ይቆያሉ። አንቲቦዲውም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከደም አይጠፋም። ኩፍኝ አንዴ የወጣበት ሰው ብዙውን ጊዜ የማይደገመው በዚህ ምክንያት ነው። ክትባትም የሚሠራው እንዲሁ ነው፣ ሕመሙን ሳያሳየን።

አሁን ወደዚያች ወረቀት እንምጣ። ብዙ ቦታ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ነው። ባለሙያው ሴረም የሚባለውን የደም ውሃ ከሞተ የታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ስላይድ ላይ ያደባልቃል፣ ያዟዙራል። አንቲቦዲ ካለ ይጓጉላል፤ ደቃቅ ፍርፋሪ በዓይን ይታያል። በቃ። የእናንተን ባክቴሪያ ማንም አላየም። የታየው ሰውነታችሁ አንድ ቀን እሱን ወይም ዘመዱን ማወቁ ነው።

ስለዚህ የአምናው አንቲቦዲ ዘንድሮም ሊያጓጉል ይችላል። ተቃራኒውም አለ፦ እውነተኛ ታይፎይድ የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አንቲቦዲው ስላልደረሰ ነጋቲቭ ሊባል ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ወባ ነው። ወባ ራሱ ዊዳልን ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያለው ቆላ ሰንብቶ የመጣ ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ታይፎይድ ነው» ከተባለ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውጦ ይተኛል። ወባው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ትኩሳት ካለ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ይጠየቅ። ታይፎይድን ለማረጋገጥ ደግሞ የደም ካልቸር አለ። ባክቴሪያውን ራሱን ማሳደግ ስለሆነ ቀናት ይወስዳል፤ ደሙም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይሻላል።

«ታዲያ የኤችአይቪ ምርመራም አንቲቦዲ አይደል የሚያየው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ልዩነቱ ኤችአይቪ አንዴ ከገባ ከሰውነት አለመውጣቱ ነው። ስለዚህ አንቲቦዲው ካለ ቫይረሱም አለ። ሕፃናት ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ የእናትየው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ እስከ 18 ወር ሊቆይባቸው ስለሚችል ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል።

ታይፈሱስ? እሱ ይብሳል። ዊል ፌሊክስ የሚባለው የታይፈስ ምርመራ የታይፈስን ጀርም ጭራሽ አይጠቀምም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚጠቀመው፤ ለታይፈስ የተሠራው አንቲቦዲ በአጋጣሚ እሱንም ስለሚይዝ። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት አንዱ ነው። እናም ታይፈስ አስተላላፊው ቅማል ያልነካው ሰው «ታይፈስ አለብህ» ሲባል፣ ነገሩ ያለፈው የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።