«ሐሳብ ነጠፈብኝ» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴና ኮምቦልቻ ክራር የሚነካ፣ ግጥም የሚሞክር ወጣት አላጡም። ብዙዎቹ ግን አንድ ሰሞን እጃቸው ይያዝና ክራሩ ግድግዳ ላይ፣ ደብተሩ ትራስ ሥር ይቀራል። ያኔ የሚሰጡት ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛውም ስህተት።

«ስሜቱ ሲመጣ እሠራለሁ»

ስሜቱ የሚመጣው ከተጀመረ በኋላ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት 20 ደቂቃ ያዙ፤ ጠዋት ስልክ ሳይከፈት ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ሰዓት መጻፍ እንጂ ማረም የለም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ስንኝ ጽፎ ይሰርዛል፣ ደግሞ ጽፎ ይሰርዛል፣ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። እርማቱን ለማግስቱ አቆዩት። ሐሳቡ እስኪሟጠጥም አትቀመጡ፤ ቀጣዩን ስንኝ እያወቃችሁ ከተነሳችሁ ነገ መነሻ አታጡም።

«ፈጠራ ገደብ አይወድም»

ወሎ ላይ ተቀምጦ ይህን ማመን ይከብዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ናቸው። ስንት ትውልድ ዘፈነባቸው፣ አሁንም አላለቁም።

ክራር ያለው እንዲህ ይሞክር። በትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ቃኝቶ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ ይምረጥ (ሚ ወይም ላ ይግባበት)፤ በ15 ደቂቃ ስምንት አጫጭር ዜማ ያውጣ። ሰባቱ ቢወድቁ ግድ የለም። ከዚያ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጋቸው፤ ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ይሆናል፣ ያው ዜማም ሌላ ሰው ያወጣው ይመስላል። ዜማው አሁንም ተመሳሳይ ከሆነበት ጣቱ ወደለመደው ክር እየሄደ ነውና ዘወትር ከማይጀምርበት ክር ይጀምር።

ግጥምም እንዲሁ ነው። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ አንዱ ሐረግ (የስንኙ ግማሽ) ስድስት ቀለም አለው፤ ሰንጎ መገን በሚባለው ደግሞ አምስት። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ነው፦ «ኮምቦልቻ» በፊደል አምስት፣ በጆሮ ግን ኮም-ቦል-ቻ፣ ሦስት። «ከኮምቦልቻ ደሴ» ስድስት ይሆናል፤ «ከ»ን ስታነሱት አምስት፣ ልኩም ወደ ሰንጎ መገን ይዞራል። የቆመባችሁን ግጥም አራት ስንኝ ወስዳችሁ ከስድስት ወደ አምስት አውርዱት። ከየሐረጉ አንድ ቀለም ለማስወጣት ስትታገሉ ትርፉ ቃል ራሱን ያጋልጣል፣ በቦታውም ያላሰባችሁት ይገባል።

«ያለ ጫት አይፈልቅም»

ይህ አገራችንን ብዙ ሰው አስከፍሏል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ምርቃና ላይ ሐሳብ ይጎርፋል፣ የመጣው ሁሉ ድንቅ ይመስላል። የሚለይ ዓይን ግን የለም። ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል፣ ማግስቱን ድብርት ይከተላል። በድብርቱ ቀን እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው «ያለ ጫት አልችልም» ብሎ ይደመድማል፤ ባዶነቱን ያመጣው ግን የትናንቱ ጫት ነው። በምርቃና የጻፋችሁትን ሁለት ቀን አቆይታችሁ፣ እንቅልፍ ጠግባችሁ አንብቡት። ከአሥሩ ስንኝ ስንቱ እንደቆመ ቁጠሩ።

«አዲስ አበባ ካልሄድኩ አይሆንም»

ስቱዲዮና ገበያ ፍለጋ ከሆነ እውነት አለው። የሚጻፍ ነገር ፍለጋ ከሆነ ግን የለውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ቁልቁለት ስትወርዱ መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ አሥር ነገር መዝግቡ፦ ጭጋጉ የተገፈፈበት ኩርባ፣ የመጀመሪያው ሰው ጃኬት ያወለቀበት ቦታ፣ ረዳቱ ሲጣራ ድምፁን የሚያነሳበት ቃል። «ቆንጆ» እና «ደስ የሚል» የሚሉ ቃላት አይፈቀዱም። ከአሥሩ አንዷ ግጥም ትሆናለች።

«የሰው ሥራ መቅዳት ነውር ነው»

ለልምምድ ሲሆን አይደለም፤ ነውሩ እንደራስ አድርጎ ማውጣት ነው። የወደዳችሁትን በእጅ ገልብጡና የት እንደሚተነፍስ አስተውሉ።

«ተሰጥኦዬ አልቋል»

ብዙ ጊዜ ያለቀው ጉልበት ነው። አንድ ሳምንት በቂ እንቅልፍ ተኙና እንደገና ሞክሩ። ምግቡም፣ ወዳጁም፣ ሥራውም ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ካልሰጣችሁ ግን ነገሩ የጤና ሊሆን ይችላል። ወደ ጤና ተቋም ሂዱና ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ምን እንደተዋችሁ፣ ከመቼ እንደጀመረ በግልጽ ተናገሩ።