ስውር ደንበኛና ማስታወሻው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስውር ደንበኛ እንደ ማንኛውም ተገልጋይ ባንክ፣ ሆቴል፣ ማደያ ወይም ሱቅ ገብቶ ይስተናገዳል። ከወጣ በኋላ ያየውንና የሰማውን አሠሪው ድርጅት በሰጠው ቅጽ ላይ ሞልቶ ይልካል። አንድ ቦታ ብቻ ለሚያይ ሰው ሥራው አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው በአንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ አራት አምስት ቅርንጫፍ ሲዳረስ ነው፤ የአንዱ ወረፋ ከሌላው፣ የአንዷ ቴለር ንግግር ከሌላዋ ጋር ይቀላቀላል። በሪፖርቱ ላይ የምትሰፍር አንዲት መስመር ደግሞ ለአንዷ ማበረታቻ፣ ለሌላዋ ማስጠንቀቂያ ልትሆን ትችላለች። የሰው እንጀራ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ማስታወሻ አያያዝ ላይ የሚነገሩትን ስሕተቶች አንድ በአንድ ማረም ያስፈልጋል።

«ጭንቅላቴ ይይዘዋል፤ ማታ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ»

የመጀመሪያውን ቦታ ይይዘዋል። ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ግን የአንድ ባንክ ቅርንጫፎች ቀለማቸው፣ መስኮታቸው፣ የሠራተኛው ልብስ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። ቦርሳ ፈትሾ «ይግቡ» ያለው ጥበቃ የጠዋቱ ቅርንጫፍ ነበር ወይስ የከሰዓቱ? ማታ ላይ በእርግጠኝነት መመለስ አይቻልም። የባሰው ደግሞ ሰው የረሳውን ክፍተት ሳያውቀው በግምት ይሞላና ግምቱን እንዳየው ነገር ያምነዋል።

ቶሎ የሚጠፋው ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ የተነገረው ቃል እንዳለ፣ ከዚያ የነገሮች ቅደም ተከተል። ስለዚህ ከወጣችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ በዚሁ ተራ ጻፉ፦ መጀመሪያ ሰዓቶቹን፣ ቀጥሎ ሠራተኛው የተናገረውን ቃል በቃል፣ ከዚያ የነገሮቹን ቅደም ተከተል፣ ማን እንደነበረና መልኩን፣ በመጨረሻ ንጽሕናውንና የመስኮቶቹን ብዛት። በሩ ላይ ቆማችሁ አትጻፉ። ማዕዘኑን ታጥፋችሁ ቡና ቤት መግባት ወይም የቆመ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። መጻፍ ካልተመቸ ስልኩን ጆሮ ላይ አድርጎ እንደሚያወራ ሰው ለሁለት ደቂቃ ቮይስ መቅዳት ይቻላል፤ ቅጂው ግን በቦታው ስምና በቀኑ ይጀምር፤ አለዚያ ማታ አምስት ቮይስ ተደርድሮ የትኛው የየት እንደሆነ መለየት ሌላ ሥራ ይሆናል።

«ቅጹን ይዤ ገብቼ እዚያው ብሞላው ይሻላል»

ባንክ በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ጥያቄዎች የተደረደሩበት ወረቀት በጥበቃው እጅ ከገባ ሥራው በዚያው አበቃ። እንደ ዳንግላና እንደ ቡሬ ባሉ ሰው ከሰው በሚተዋወቅባቸው ከተሞች ደግሞ ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ይደርሳል።

የሚሻለው ጠዋት ቅጹን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቦ ቁጥር የሚጠይቁትን ጥያቄዎች ወደ አስቤዛ ዝርዝር መለወጥ ነው። ለምሳሌ ዘይት የተከፈቱ መስኮቶች፣ ሽንኩርት ከፊታችሁ የነበሩ ሰዎች፣ በርበሬ የጠበቃችሁት ደቂቃ ይሁን። ወረፋ ላይ ሆናችሁ በቁራጭ ወረቀት «ዘይት 2፣ ሽንኩርት 11፣ በርበሬ 17» ብትጽፉ ያየ ሰው ሁሉ ገበያ የሚወጣ ሰው ነው የሚላችሁ። ትርጉሙ ቀኑን ሙሉ አንድ ይሁን፤ በመካከል ዘይትን ወደ ሌላ ነገር የቀየረ ሰው ማታ የራሱን ጽሑፍ መፍታት ያቅተዋል። ቅጹ ራሱ ማረፊያ ክፍላችሁ ይቅር።

«3:20 ብዬ ከጻፍኩ ሰዓቱ ታወቀ»

ሪፖርት ተመላሽ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እኛ ጠዋት 3:20 የምንለውን የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ 09:20 ብሎ ያትመዋል፤ ቅጹም አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥረውን ሰዓት ነው የሚፈልገው። ማስታወሻው ላይ ያለው 3:20 እንዳለ ወደ ቅጹ ከተዛወረ፣ ሪፖርቱን የሚያጣራው ሰው ባንክ ተዘግቶ ሰው በተኛበት ሌሊት እንደተስተናገዳችሁ ያነበዋል።

መፍትሔው ማስታወሻውን በምንናገረው ሰዓት መጻፍ፣ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለውን ፈጽሞ አለመተው፣ ከዚያ ቅጹ ሲሞላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ለጠዋትና ለከሰዓት 6 መደመር ይበቃል፦ ጠዋት 3:20 ወደ 09:20፣ ከሰዓት 9:10 ወደ 15:10። ለማታ 18 ይደመራል፦ ማታ 1:15 ወደ 19:15። ደረሰኙን አጠገብ አድርጋችሁ አመሳክሩ። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ ጥቅምት 5 ቀን 2018 በደረሰኙ ላይ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ሆኖ ነው የሚወጣው። ማስታወሻው አናት ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

ሌላው አንድ ሰዓት ብቻ መጠቀም ነው። የግድግዳው፣ የእጃችሁና የስልካችሁ ሰዓት ሦስት አራት ደቂቃ ሊለያዩ ይችላሉ። መግቢያውን በአንዱ፣ መውጫውን በሌላው ከያዛችሁ የወረፋው ጊዜ ሐሰት ይሆናል። የእጅ ሰዓታችሁን ጠዋት ከስልኩ ጋር አስተካክሉና ስልክ በተከለከለበት ቦታ በእሱ ሥሩ። የሚለካው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከመግባት እስከ መጠራት አንድ፣ ከመጠራት እስከ መጨረስ ሌላ ነው። የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ካለ ወረቀቱ ላይ የወጣበት ሰዓት የታተመ እንደሆነ እዩ። ቴለሯ ወረቀቱን ልትወስደው ስለምትችል ቁጥሩንና ሰዓቱን ተቀምጣችሁ ስትጠብቁ ገልብጡት።

«ጥሩ አስተናገደችኝ ብዬ ብጽፍ ይበቃል»

አይበቃም፤ ያ የእናንተ ፍርድ ነው። አሠሪው የሚፈልገው ሌላ ሰው አንብቦ ራሱ የሚፈርድበትን ነገር ነው። «ሠራተኛው ናቀኝ» የሚለውን ማንም ማጣራት አይችልም። «የሒሳብ መክፈቻ መስፈርት ስጠይቀው ቀና ሳይል ስልኩን እያየ ‹እዚያ ጠይቅ› አለኝ፤ በእጁ ወደ መስኮት 4 አመለከተ» የሚለው ግን ሥዕል ነው።

በአማርኛ ደግሞ ክብሩ ግሱ ውስጥ ስላለ ቃሉን እንዳለ መያዝ ድርብ ጥቅም አለው። «ግባ»፣ «ይግቡ» እና «ግቡ» አንድ አይደሉም። ጎጃም ውስጥ ለአዛውንት «አንቱ» ማለት አክብሮት ነው፤ ሪፖርቱን ሌላ አካባቢ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን እንደ ልዩ ነገር ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ማን ለማን እንዳለው ጨምራችሁ ጻፉ፦ «ከፊቴ ለነበሩት አዛውንት ‹አንቱ፣ እዚህ ይቀመጡ› አለች፤ ለእኔ ‹ምን ልታዘዝ?› አለችኝ»።

ማንነትን በተመለከተ ባጅ ካለ ስሙን ፊደል በፊደል ያዙ። ከሌለ መቀመጫውን ግለጹ፤ «ከበሩ ሲገባ በግራ ሁለተኛው መስኮት፣ ከ25 እስከ 30 ዓመት የምትገመት፣ ሹሩባ የተሠራች፣ መነጽር ያደረገች»። ባልደረባዋ በስም ሲጠራት ከሰማችሁ «ሲጠራት ሰማሁ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉት። በስሕተት የተያዘ ስም በሥራ ላይ ያልነበረችውን ሴት ሊያስጠይቅ ይችላል።

«‹የለም› ከተባልኩ የአገልግሎት ጉድለት ነው»

ፍኖተ ሰላም ላይ ረቡዕ ቀን ጥብስ አዝዞ «ዛሬ የጾም ብቻ ነው» የተባለ ሰው ያገኘው ጉድለት የለም፤ ቀኑ ነው። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ አልሠራ ሲል፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ቴሌብር እምቢ ሲል፣ የገበያ ቀን ሆኖ ወረፋው በር ሲደርስም እንደዚሁ። ከእያንዳንዱ ማስታወሻ በላይ አንድ የሁኔታ መስመር ይኑር፦ ረቡዕ፣ ጾም፣ መብራት የለም፣ የገበያ ቀን። ከዚያ ሠራተኛው ምን አማራጭ እንዳቀረበ ጻፉ፤ መመዘን ያለበት እሱ ነው። «በየዓይነቱ አለ፣ ሽሮም ይደርሳል» ያለና ዝም ብሎ ዞሮ የሄደ አስተናጋጅ እኩል ነጥብ ቢሰጣቸው ግፍ ነው።

«ደረሰኝ የወጣውን ገንዘብ ለማስመለስ ብቻ ነው»

ደረሰኙ እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት እንደነበራችሁ የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የደረሰኝ ቁጥሩ ከማስታወሻው ጋር መግጠም አለባቸው። መብራት ጠፍቶ በእጅ የተጻፈ የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ ከተሰጣችሁ ሰዓት ስለማይኖረው እናንተ ወዲያው ማስታወሻው ላይ ያዙት። በቴሌብር ከከፈላችሁ የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት ስክሪንሾት አድርጉ።

የማሽን ደረሰኝ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ደረሰኝ ሊጠቁር ወይም ጽሑፉ ሊደበዝዝ ይችላል። ሳኒታይዘር የነካው እጅና ላብ የበዛበት ኪስም ያበላሹታል። ከቦታው እንደወጣችሁ ፎቶ አንሱት፤ አራቱም ማዕዘኑ ይታይ፤ ከዚያ ፖስታ ውስጥ። ለአንድ ጉብኝት አንድ ፖስታና አንድ ወረቀት፤ ፖስታዎቹ ላይ በዋዜማው ማታ ተራ ቁጥርና የቦታው ስም ይጻፍ። በአንድ ደብተር ላይ ሁሉን ተከታትሎ የሚጽፍ ሰው ሦስተኛው ጉብኝት ላይ ገጹ ሲያልቅበት የአንዱን ጭራ ከሌላው ራስ ጋር ይቀጥላል።

«ብዙ ቦታ ያዳረሰ ብዙ ያተርፋል»

ሒሳቡን እንሥራው። ባንክ ውስጥ ከነወረፋው 40 ደቂቃ፣ ለማስታወሻ 15፣ ለመንገድ 20 ብንይዝ አንዱ ጉብኝት 75 ደቂቃ ይፈጃል። አምስት ጉብኝት 6 ሰዓት ከሩብ ነው፤ የምሳ ሰዓት ሲጨመር የሥራው ቀን ሞላ። ስድስተኛውን የሚጨምር ሰው የሚቆርጠው ከ15 ደቂቃዋ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ስድስቱም ይበላሻሉ።

ከተማ ለከተማ ሲሆን ደግሞ ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመንገዱ ላይ ያሉትን ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላንና መራዊን በአንድ ቀን ለማዳረስ ማቀድ ከንቱ ነው። በቀን ሁለት ከተማ ያዙ። የጊዜ ገደብ ያለበትን ጉብኝት፣ ለምሳሌ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት» የተባለውን፣ ያደራችሁበት ከተማ ላይ አድርጉት።

«ስልክ ካለ ወረቀት አያስፈልግም»

ባትሪ ያልቃል፣ ዳታ ይጠፋል። ቅጹን በቀጥታ ድረ ገጹ ላይ መሙላት ከጀመራችሁ በኋላ ኔትወርክ ሲቋረጥ የጻፋችሁት ሁሉ ሊሄድ ይችላል። መልሱን መጀመሪያ ስልኩ ኖት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ኋላ ገልብጡ። በስውር ድምፅ ወይም ቪዲዮ መቅረጽ ግን አሠሪው በጽሑፍ ካላዘዘ በቀር አይሞከር።

«ሪፖርቱ ከተላከ ማስታወሻው ቆሻሻ ነው»

አጣሪው ከሳምንት በኋላ ሊደውል ይችላል፤ «17 ደቂቃ ጠበቅሁ ብለሻል፤ ከደረሰኙ ጋር ግን አይገጥምም» ሲል መልሱ ያለው ያ የአስቤዛ ቁራጭ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አታስውቡ፣ አትፋቁ። ስሕተት ካለ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን አጠገቡ ጻፉ፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት። ክፍያው እስኪገባና ከዚያ በኋላም ቢያንስ 3 ወር በየፖስታው ይቀመጥ። ጊዜው ሲያልፍ የሠራተኞች ስምና የሒሳብ ቁጥር ስላለበት ቀዳዳችሁ አቃጥሉት፤ የስልኩንም ቮይስና ፎቶ አጥፉ።