የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ምንድን ነው?

የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 የመሠረቱት፣ የገጠር ሴቶች ችግኝ አፍልተው የሚተክሉበት ማኅበር ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የመጣው ከአተካከሉ ነው። ችግኞቹ ቢያንስ አንድ ሺህ ሆነው በረጅም ረድፍ ይተከላሉ፤ ሲያድጉ መሬቱ እንደ መቀነት ይታጠቃቸዋል።

ዋንጋሪ በ1971 ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። የማኅበሩ ሐሳብ ግን የመነጨው ከቤተ ሙከራ አይደለም። የገጠር ሴቶች ማገዶ እንደራቀባቸው፣ ንጹሕ ውኃ እንዳጡ፣ ለልጆቻቸው የሚያበሉት እንደቸገራቸው ሲናገሩ ሰሙ፤ የሁሉም መነሻ የደኑ መመንጠር መሆኑን ተረዱ። የደን ባለሙያዎች ያልተማሩ ሴቶች ችግኝ ማፍላት እንደማይችሉ ተናገሩ። ሴቶቹ በተሰባበረ ሸክላ ዘር ዘሩ፤ ጣሳ በስተው ውኃ ማጠጫ አደረጉት። ትንሽ ገንዘብም ይከፈላቸው ነበር፤ የሚከፈላቸው ግን ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀው ነው። የዚህ ሥራ ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ችግኝ ተክሎ የሄደና ሲጸድቅ ቆሞ ያየ ሰው እኩል አይደሉምና።

የአንድ ሰፈር ሴቶች ዛፋቸውን ሲጠብቁ መሬቱን ማን እንደወሰደው መጠየቃቸው አይቀርም። ጉዳዩ ከመንግሥት ጋር የተጋጨው በዚህ ነው። በ1989 የፕሬዚዳንት ሞይ መንግሥት በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊያቆም ተነሣ። ዋንጋሪ ተቃወሙ፤ በፓርላማ ተሰደቡ፤ ማኅበራቸው ከቢሮው ተባረረ፤ ሕንፃው ግን ቀረ።

በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች በዚያው ፓርክ የረኀብ አድማ ሲያደርጉ ዋንጋሪ አብረዋቸው ተቀመጡ። ፖሊስ በቆመጥና በአስለቃሽ ጋዝ መጣ። አንዳንዶቹ እናቶች ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በእነርሱ ባህል ይህ እናቱን በሚበድል ልጅ ላይ የሚወርድ ከባድ እርግማን ነው። ዋንጋሪ ራሳቸውን እስኪስቱ ተደብድበው ሆስፒታል ገቡ። እናቶቹ በአቅራቢያው ባለ ካቴድራል ተጠልለው አድማቸውን ቀጠሉ፤ በ1993 መጀመሪያ አብዛኞቹ ልጆቻቸው ተፈቱ። ችግኝ የሚተክል ማኅበር ከእስረኛ እናት ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ደኑን የሚቸበችበውና ልጇን የሚያስረው አንድ እጅ ነበር።

በ1999 ዋንጋሪ ለባለሀብቶች በተሸነሸነው የናይሮቢ ካሩራ ደን ዛፍ ሊተክሉ ሲሄዱ ጥበቃዎች ራሳቸውን ፈነከቷቸው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ክሳቸውን የፈረሙት ከቁስላቸው በሚወርደው ደም ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚዋ ሆኑ፤ በዚያን ጊዜ የተተከለው ዛፍ 30 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

በመስከረም 2011 ሲያርፉ፣ ለሬሳ ሳጥናቸው ዛፍ እንዳይቆረጥ ተናዝዘው ነበር። ሳጥኑ ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ጣናን ካስጨነቀው ከእንቦጭ ተሠራ።