የባሩድ መጠን ሠንጠረዥ ምንድን ነው?

ለሪቮልቨር የሚሆን ጥይት ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ የእርሳስ አረር (ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ክፍል) በእጃቸው ለሚያዘጋጁ ሰዎች «ክብደቱ እስከተመሳሰለ ድረስ የመዳብ ለበሱን አረር የባሩድ መጠን ሠንጠረዥ መጠቀም ይቻላል» የሚል ምክር በየጊዜው ይሰጣል። ምክሩ የሚነሳው ሠንጠረዡን ለአንድ ክብደት የተሰጠ ፈቃድ አድርጎ ከማየት ነው። ሠንጠረዡ ግን የመለኪያ መዝገብ ነው፤ አንድ ላቦራቶሪ የተወሰነ አረር፣ ቀለህ፣ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) እና ባሩድ አቀናጅቶ በሙከራ አፈሙዝ ከተኮሰ በኋላ ያገኘውን ግፊትና ፍጥነት የጻፈበት ነው።

ነገሩ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይመሳሰላል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የወሰነው የታማሚውን ኪሎ ብቻ አይቶ ሳይሆን ኩላሊቱን፣ ጉበቱንና አብሮ የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት ጭምር አመዛዝኖ ነውና፣ ኪሎው እኩል የሆነ ጎረቤት ማዘዣውን ተውሶ መድኃኒቱን ቢወስድ ሊድን፣ ሊጎዳም ይችላል። በጥይት ውስጥ የኩላሊቱን ቦታ የሚይዘው አረሩ ከገባ በኋላ ከጀርባው ለባሩዱ የሚተርፈው ቦታ ሲሆን፣ የአረሩ ክብደት ስለዚህ ቦታ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ለምሳሌ .38 ስፔሻል በሚባለው የሪቮልቨር ጥይት የሚሞላውን፣ ዋድከተር የተባለውን የ148 ግሬን (ግሬን የክብደት መለኪያ ነው) አረር እንመልከት። ይህ አረር አፍንጫ የሌለው፣ ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ሲሊንደር ስለሆነ እስከ ቀለሁ ከንፈር ድረስ ይገባል። አፍንጫ ያለው የ158 ግሬኑ ሰሚ ዋድከተር በክብደት ይበልጠዋል፤ ነገር ግን አፍንጫው ከቀለሁ ውጭ ስለሚቀር ለባሩዱ ሰፋ ያለ ቦታ ይተዋል። ስለዚህ በእኩል የፈጣን ባሩድ መጠን ቀላሉ አረር ከከባዱ የበለጠ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ዋድከተሩ መቀመጫው ጎድጓዳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ግፊቱ ሲበዛ ቀጭኑ ጠርዝ ተቆርጦ አፈሙዙ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ስለዚህ በመዳብ ለበሱ ሠንጠረዥ ቢሞላ ግፊቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይጨምርም» ብሎ ይከራከራል። እኩል ጥልቀት ላይ ለተቀመጡ ሁለት አረሮች ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፤ የዋድከተሩ ምሳሌ የሚያሳየው ግን ጥልቀቱ እኩል እንደማይሆን ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ስህተቱ የባሰ ይሆናል። ለእርሳስ የተመዘገበውን ዝቅተኛ መጠን መዳብ ለበስ አረር ላይ የሚጠቀም ሰው፣ ሪቮልቨር ጥይቶቹ በሚቀመጡበት ተሽከርካሪ ሲሊንደርና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት ጋዝ ስለሚያባክን፣ አረሩ መንገድ ላይ ሊቆምበት ይችላል፤ ይህን ሳያውቅ ሁለተኛውን ከተኮሰ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። «ቀንሰህ ጀምር» የሚለው መልካም ምክርም ቢሆን ለሁሉም ባሩድ አይሠራም፤ ቀስ ብለው ከሚነድዱት፣ ማግነም ለሚባሉ ኃይለኛ ጥይቶች ከሚሆኑት ባሩዶች መካከል አምራቾቻቸው ከተጻፈው መጠን በታች እንዳይሞሉ የሚያስጠነቅቁባቸው አሉ።

የድሮ መመሪያ የሚጠቅሱ ሰዎችም ቁጥር ያደባልቃሉ። ከ.38 ስፔሻል የሚበረታው የ.357 ማግነም ጥይት ጣሪያ፣ ማለትም የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት፣ በቀድሞው የመዳብ መጨፍለቂያ መለኪያ (ግፊቱን በተጨፈለቀ የመዳብ ቁራጭ በሚገምተው) 45,000 ሲሆን፣ በዛሬው ኤሌክትሮኒክ መለኪያ 35,000 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። ይህ አሥር ሺህ ልዩነት አምራቾች ፈርተው የቀነሱት ግፊት አይደለም፤ ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ ቀመር የማይለዋወጡ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። ከጎኑ የ.38 ስፔሻል መደበኛ ጣሪያ 17,000 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ መሆኑ ሲታይ፣ የ.357ን መስመር ለ.38 በስህተት ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግልጽ ነው። የ.38 ቀለህ ለጥቁር ባሩድ ዘመን ልክ የተሠራ በመሆኑ ዘመናዊው ፈጣን ባሩድ ከታች ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል፤ እጥፍ ቢጨመርበትም አይፈስም፣ ስለዚህ አረሩ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ማየት ግዴታ ነው።

ተስማሚ ሠንጠረዥ ሲፈለግ ከክብደት በፊት የአረሩ ቅርጽና የቅርጽ ማውጫው ሞዴል ይታያል። ቀጥሎ የቀለሁ ከንፈር የሚታጠፍበት ቦይ የት እንደሆነና የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ይመዘናል። የአረሩ ዲያሜትር ከሲሊንደሩ ጉሮሮ (አረሩ ወደ አፈሙዙ ከሚወጣበት የፊት ቀዳዳ) ጋር መስማማቱም የእርሳስ ቅሪት አፈሙዙ ላይ መጣበቅ አለመጣበቁን በእጅጉ ይወስናል፤ ብዙዎች ግን ጥፋቱን ሁሉ በእርሳሱ ልስላሴ ላይ ይጥላሉ። ያው አረር በሠንጠረዥ ካልተገኘ፣ ክብደቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የሚገባበት ጥልቀትም እኩል ወይም የሚበልጥ የእርሳስ አረር ዝቅተኛ መነሻ ይወሰዳል። ሁለት አስተማማኝ ምንጮች ሲለያዩም አማካያቸውን ማስላት ትርጉም የለውም፤ ሁለቱ የተለያየ ታማሚ የመረመሩ ሐኪሞች ናቸውና፣ ባሩዱ ቀንሶ መሙላትን የሚፈቅድ ከሆነ ከዝቅተኛው ተጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል።